አጥንት ሰባሪዋ ወፍና የእድራችን ጡሩምባ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አውሬ ለማየት ሰው ተነስቶ አይሄድም ነበር፤ አውሬው ነበር ሰው ለማየት ተነስቶ የሚመጣው። ምን ያስቃችኋል? ሜሮን፣ ስልክሽን ጠጋ አድርጊው እንጂ፣ ሳቃችሁ ብቻ ተቀርጾ የእኔ ጨዋታ እንዳይቀር። እና እዚሁ ካራ ሰፈር፣ አሁን እናንተ የተከራያችሁበት ፎቅ የቆመበት ቦታ ገብስ ነበር። ገብሱ ውስጥ ቆቅ፣ ከቆቋ ኋላ ቀበሮ፣ ከቀበሮው ኋላ ውሻዬ፣ ከውሻዬ ኋላ እኔ፣ ከእኔ ኋላ ባለቤቴ አስካለ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንተ ሰውዬ ምሳህ ቀዘቀዘ!» እያለች፣ እንዲህ ተሰልፈን ስንሮጥ ነበር የምንውለው። ጅቡማ ጎረቤት ነው። እውነቴን ነው! ደጃችን ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚያልፈው። አንድ ክረምት ዝናቡ ሲበረታበት በረንዳችን ላይ ተጠለለ፤ አስካለ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችውና «ግባ አይባል ነገር!» ብላ ዘጋችበት፤ ታዲያ ተቀይሞን ሳምንት ሙሉ አልጮኸም።

እንጦጦ ደግሞ ሌላ አገር ነበር። ጉሬዛው ጽድ ላይ ካባውን ደርቦ እንደ ዳኛ ተቀምጦ ቁልቁል ያይሃል። ቁራው ማጅራቱ ላይ ነጭ ነጠላ ጣል አድርጎ እንደ ሽማግሌ ይንጎራደዳል። ድኩላው ውኃ ሲጠጣ ብትደርስበት አይሮጥም፤ «ቅደም» ብሎ ፈቀቅ ይልልሃል። ዛሬ እናንተ ከሐዋሳውም ከጅማውም መጥታችሁ ትከራዩና «አባባ ሽብሩ፣ ፓርክ ሄደው ያውቃሉ?» ትሉኛላችሁ። እንዴታ! ሄጃለሁ። ሄጄም ጡሩምባዬን ላጣ ነበር። ስሙኝማ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። «ሀ»ን መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም፤ ሰላም ሳልላት ነው የማልፈው። ግን የዚህ ሰፈር እድር ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ወጥቼ እነፋለሁ፣ ቀጥዬ ስሙንና የቀብሩን ሰዓት እናገራለሁ፣ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። በሌላ በሌላው ዋሽቻለሁ፣ አልክድም። ዳገት የወጣሁትን ተራራ እላለሁ፣ ያየሁትን ድመት ነብር እላለሁ። ስለ ሞት ግን አንዲት ቀን ዋሽቼ አላውቅም። ለአስካለም እኔው ነኝ የነፋሁት። ያን ቀን ትንፋሼ ሁለቴ ተቆረጠ፤ ሰዉ «ጡሩምባው ተበላሸ እንዴ?» አለ። ጡሩምባው ደህና ነበር።

እና ከውሸቶቼ ሁሉ መሃል አንዲት እውነት አለችኝ። እሷን ደግሞ ማንም አላመነኝም። ምን መሰላችሁ፣ አስካለ በልጅነታችን፣ ገና በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ታማ ነበር። ምግብ እንቢ፣ ጨዋታ እንቢ፣ ሳቅማ ጨርሶ እንቢ። እኔ ቀልደኛው ሰፈሩን አስቄ ቤቴ ስገባ ሚስቴን ማሳቅ አቃተኝ። ታዲያ ጸበል ላስጠምቃት እንጦጦ ማርያም ይዣት ወጣሁ። ስንመለስ ደከማት፣ ከጫካው ወጣ ብሎ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ቋጥኝ አለ፣ እሱ ጥግ አረፍን። እኔም እንደ ልማዴ አንድ ውሸት ጀመርኩላት። መሃሉ ላይ ስደርስ፣ ቧ! ከሰማይ አንድ ነገር ቋጥኙ ላይ ወደቀ። ዘልዬ አስካለ ኋላ ተደበቅሁ። እሷ ቀና ብላ አየች፣ አየችና፣

«ሽብሩ! ለውሸትህ ከላይ እየተወረወረብህ ነው!» አለችና ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ! እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ቀና ብል አንዲት ወፍ፣ ክንፏ ከዚህ እስከዚያ አጥር ድረስ፣ ትዞራለች። ወረደች፣ የወደቀውን አነሳች፣ አጥንት ነው፣ የከብት ቅልጥም! ይዛው ወጣች፣ ወጣች፣ ነጥብ እስክታክል ወጣች፣ ከዚያ ለቀቀችው። ቧ! ተሰበረ። ወርዳ ስባሪውን እንደ ቆሎ ዋጠችው። አጥንት! ሥጋውን አይደለም፣ አጥንቱን! ይኸው፣ እናንተም እየሳቃችሁ ነው። ሰፈሩም እንዲህ ነው የሳቀብኝ። «አስካለ፣ ንገሪያቸው እንጂ!» ስላት «አይቻለሁ» ትላለች፣ እነሱ ደግሞ «ሚስት ለባሏ ካልመሰከረች ለማን ትመስክር» ይላሉ። እሷ ስትሞት ምስክሬም አብራ ሄደች።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት የእድሩ ሊቀመንበር በላቸው ተነሳና «ሁልጊዜ ለቀብር ብቻ ነው የምንሰበሰበው፤ አንድ ቀን እንኳ በደህና እንሰብሰብ፣ እንጦጦ ፓርክ ወጥተን አራዊቱንም ወፎቹንም እንይ» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ባለሱቋ ሸምሲያ «ምሳ በእኔ ይሁን» አለች። ጸሐፊያችን መምህር ኃይሉ ብቻ ኮስተር አለ። መምህር ኃይሉን ታውቁታላችሁ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የሚሄደው፣ ጡረታ የወጣው አስተማሪ። ይሄ ሰውዬ ያልተጻፈ ነገር አያምንም፤ ልደቱን እንኳ ወረቀት ካላየ ተወልጃለሁ አይልም። ጡሩምባውንም «ይቅር፣ በቴሌግራም መልእክት እንላላክ» እያለ ስንት ስብሰባ ተከራክሮኛል።

ታዲያ ጉዞው እሑድ ማለዳ ሆነ። ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተከራይተናል፣ ሰዉ በአሥራ ሁለት ሰዓት አደባባዩ ጋ ይሁን ተብሏል። እኔ ቀድሜ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ሆነ፣ ሰው የለም። አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ፣ ሰው የለም። ሹፌሩ ይነጫነጫል። እኔም ምን አሰብኩ? ሰው መሰብሰቢያ ዕቃ በእጄ አለ! አነሳሁና ነፋሁት። አይ ሽብሩ! አይ የኔ ነገር!

የሰፈሩ በር ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ወጡ። አንዷ ደረቷን ትመታለች፣ አንዷ «ማን ነው? ማን ነው?» ትላለች፣ ሌላዋ ማን እንደሞተ ሳታውቅ ደግነቱን መናገር ጀምራለች! እኔ «ኧረ ለሽርሽር ነው! ለሽርሽር ነው!» ብል ማን ይስማኝ። ከሁሉ የባሰው ወርቁ ነው። ወርቁ ሦስት ወር አልጋ ላይ ነበር። ጡሩምባውን እንደሰማ ሚስቱን፣

«ጥሩዬ፣ ለእኔ ነው እንዴ?» ይላታል።

«ኧረ በስመ አብ! እየተነፈስክ እኮ ነው!»

«እርግጠኛ ነሽ? ስም ሲጠራ ሰማሽ?»

«አልሰማሁም።»

«እንግዲያው ሄጄ ልጠይቅ» ብሎ ጋቢውን ለብሶ ከአልጋው ተነስቶ መጣላችሁ! ሦስት ወር ሐኪም ያላስነሳውን ሰው እኔ በአንድ ትንፋሽ አስነሳሁት። እኔን አይቶ «ሽብሩ፣ እኔ ነኝ እንዴ?» አለኝ፣ «አይደለህም፣ ተሳፈር» አልኩት፣ ተሳፈረ። ይሄን እውነት ይሁን ውሸት ራሱን ጠይቁት፣ ዛሬም እየሄደ ነው።

ታዲያ መኪናው እንደተንቀሳቀሰ መምህር ኃይሉ ተነሳ። መዝገቡን አልረሳም፣ ለሽርሽርም ቃለ ጉባኤ ይዞ ነው የሚወጣው። ብረቱን ይዞ እየተወዛወዘ፣

«የተከበራችሁ እድርተኞች፣ ጡሩምባ ነፊ የሚታመን ሰው መሆን አለበት። ዛሬ ለሽርሽር ነፋ፣ ነገ ለሠርግ ይነፋል፣ ከነገ ወዲያ ሰው ሲሞት ማን ይወጣል?» አለ።

እውነቱን ነዋ! ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ለነገሩ ከሰማይ አጥንት ይዘንባል ከሚል ሰው ምን ይጠበቃል!»

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ እንኳ ፍሬን ይዞ ሳቀ። እኔም ይሄ ነገር ነካኝ። ጡሩምባው ይቅር ማለቱ አይደለም የነካኝ፤ ያቺን ቀን፣ የአስካለን ሳቅ ውሸት ነው ያለኝ መሰለኝ። ተነሳሁና፣

«መምህር፣ የምንሄደው እዚያው አይደለም ወይ? ቋጥኙ አለ፣ እኔም አለሁ። ወፊቱን ዛሬ ካላሳየኋችሁ ጡሩምባውን ለእድሩ አስረክባለሁ!» አልኩ።

ሸምሲያ «ኧረ ስልክ ላይ ፈልጉትና እንገላገል!» ብትል መምህር ኃይሉ፣ «ስልክ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ከሆነማ ሽብሩም እውነተኛ ነው። በእድርተኛ ዓይን ታይቶ በቃለ ጉባኤ ካልሰፈረ እድሩ አያውቀውም» አለ። በላቸውም «ተወስኗል» አለ፣ ተጻፈ። አያችሁ፣ አፌ! ይሄ አፌ!

ግን ባዶ እጄን እንዳይመስላችሁ። ሊያዩ መውጣታቸው ካልቀረ ላሳያቸው ብዬ፣ በዋዜማው ሥጋ ቤት ሄጄ አንድ የበሬ ቅልጥም ለምኜ የኮቴ ኪስ ውስጥ አስገብቻለሁ። ቋጥኙ ላይ አኖረውና ትመጣለቻ! ታዲያ በቀበና ወርደን፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱን ተያይዘን፣ በር ላይ ስንደርስ ፈተሻ። ጥበቃው ጨዋ ልጅ ነው፣ ኪሴን ዳበስ አደረገና፣

«አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጡሩምባ።»

«ይሄኛውስ?»

«ቅልጥም።»

«ቅልጥም? ለምን?»

«ለእንግዳ።»

«እንግዳው የታለ?»

«ከላይ ነው የሚመጣው» አልኩ በጣቴ ወደ ሰማይ እያሳየሁ።

ልጁ አየኝ፣ ሰማዩን አየ፣ መልሶ አየኝ። «አባት፣ ለአራዊት ምግብ መስጠት ክልክል ነው። እዚህ ይቆይልዎት፣ ሲወጡ ይወስዱታል» አለና ቅልጥሜን ከሰው ቦርሳና ዣንጥላ ጋር ደረደረው። ቁጥር ያለበት ካርድ ሁሉ ሰጠኝ! ለአጥንት ደረሰኝ የተቆረጠለት እኔ ብቻ ነኝ።

እና ገባን። እንዴት ያምራል መሰላችሁ፣ መንገዱ ተነጥፏል፣ መቀመጫው ተሠርቷል። ግን እኔ የማውቀው እንጦጦ ነው ወይስ አይደለም እያልኩ ነው የምሄደው። አስካለ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ያሳረፈችበት ምንጭ የት ነው? ጽዱ የት ሄደ? ባህር ዛፉ ነፋስ ሲመታው ድምፁ ግን ያው ነው። ወፍ ለማየት ደግሞ ዝም ማለት ነበረብን። ዝም የሚል እድርተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ሚዳቋ ቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ አለች፣ ሁላችንም ቆምን፣ ትንፋሻችንን ዋጥን። በዚያው ቅጽበት በማዶ የሚመጣ አንድ የበላቸው የድሮ ጎረቤት!

«በላቸው! እንዴት ነህ?»

«ኧረ አንተ! ደህና ነህ? ልጆች ደህና? ባለቤትህ? እግርህን ተሻለህ? ከብቶቹስ?»

ሰውየው ከብት ከሸጠ ሃያ ዓመቱ ነው። ሚዳቋዋ «ከብቶቹስ» ላይ ሲደርስ ሄደች፣ የቀረውን ሰላምታ አልጠበቀችም። ታዲያ ጠዋቱን ሙሉ ያየነው የሚዳቋ ጀርባ፣ ሁለት ርግብና ነጠላ የለበሰው ቁራ ነው። መምህር ኃይሉ ሁሉንም ጻፈ። «ቁራ፣ አንድ።»

ቋጥኙን አገኘሁት። ያው ነው፣ አንድ ጥጉን ብቻ ሳር ወርሶታል። ሰዉ ትንሽ ራቅ ብሎ ከተማው የሚታይበት ጋ ምሳውን ዘረጋ፣ በልቶ ሲያበቃ ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል፣ ወርቁ እንኳ «ከሞት የተነሳሁበት ቀን ነው» እያለ አሥር ጊዜ ተነሳ። እኔ ምሳ አልበላሁም። አንገቴን ቀና አድርጌ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። መምህር ኃይሉ ጉልበቱን ያመዋል፣ ዳገቱ ጎድቶታል፣ ከእኔ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። በላቸው «ሽብሩ፣ ልንወርድ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጥቂት! ጥቂት ብቻ!» አልኩ። አንገቴ እንደ እንጨት ደርቋል፣ ዓይኔ ያነባል። በመጨረሻ አልቻልኩም። አንገቴን ደፍቼ ጉልበቴ ላይ ጣልኩትና «አስካለ፣ በቃ፣ ተበላሁ» አልኩ።

ቧ!

ቀና ለማለት ብል አንገቴ እንቢ አለ! ስንት ታግዬ በሁለት እጄ ጭንቅላቴን ይዤ እንደ ድስት ክዳን ሳነሳው፣ ሰማዩ ባዶ ነው። ቋጥኙ ባዶ ነው። ዞር ብል መምህር ኃይሉ አፉን ከፍቶ ጫካውን ያያል።

«መምህር! አየህ? አየሃት?»

መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ከዚያ መዝገቡን ብብቱ ስር አድርጎ እያነከሰ ወረደ።

ልጆቼ፣ ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። አየ ወይስ አላየም? ካየስ ይናገራል? ጡሩምባው እንዲቀር ስንት ዓመት የለፋ ሰው እኮ ነው! ዝም ቢል ማን ይጠይቀዋል? በር ላይ ጥበቃው «አባት፣ ቅልጥምዎን!» ብሎ ካርዴን ተቀብሎ ሰጠኝ፤ «እንግዳው መጣ?» አለኝ። «እኔም ልጠይቅ እየሄድኩ ነው» አልኩት።

መኪና ውስጥ ገባን። በላቸው ቆመ። «እንግዲህ ከእድርተኛ መሃል ወፊቱን ያየ አለ?» አለ። ሸምሲያ «እኔ ያየሁት ሽብሩ ሰማይ ሲያይ ነው» አለች፣ ተሳቀ። ጡሩምባዬን ከጉያዬ አወጣሁ። ላስረክብ ተነሳሁ።

«ቁጭ በል» አለ መምህር ኃይሉ።

መዝገቡን ገለጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ያነባል። «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን አንዲት ትልቅ ወፍ አጥንት ይዛ ወደ ላይ ወጥታ ቋጥኝ ላይ ለቃዋለች። አጥንቱ ተሰብሯል። ስባሪውን ይዛ ሄዳለች። ደረቷ የሸክላ ቀለም ያለው ነው። ክንፏ ረጅም ነው።» እዚህ ላይ ቆመ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያፈረ ሰው ድምፅ፣ «ጢም አላት» ብሎ ጨረሰ።

መኪናው በሳቅ ፈነዳ!

«ጢም? መምህር፣ ጢም?»

«ሽብሩ እንኳ ጢም አልጨመረባትም እኮ!» አለች ሸምሲያ ሆዷን ይዛ። ወርቁ ደግሞ «ባርኔጣስ አላደረገችም?» ይላል። መምህር ኃይሉ ቀላ፣ «በዓይኔ በብሌኑ! በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ!» ይላል፣ ማን ይስማው! አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው በአንድ ጢም ውሸታም ሆኖ ቀረ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። እኔ ቀልደኛው ያን ጊዜ ብቻዬን አለቀስኩ። ለምን ብትሉኝ፣ ጢሟን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ውሸታም እኮ ልኩን ያውቃል፤ አጥንት ትሰብራለች ብዬ የተሳቀብኝ፣ ጢም አላት ብል ጸበል ይወስዱኝ ነበር። ያን ቀን ቋጥኙ ላይ እንባዋን እየጠረገች «ሽብሩ፣ ጢም አላት እኮ! አባቴን አትመስልም?» ያለችኝ አስካለ ናት። ያን ቃል እኔና እሷ ብቻ ነበርን የምናውቀው። እና ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ የእሷን ቃል ከዚያ ኮስታራ ሰውዬ አፍ ሰማሁት።

ጡሩምባው? ይኸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ እየሳቁም ቢሆን በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ነገር ነውና ጸደቀልኝ። ቴሌግራሙም አለ፣ መምህር ይጽፋል፣ እኔ እነፋለሁ። ማታ ማታ እየመጣ አብረን እንቀመጣለን፣ ውሸታም ከውሸታም ጋር። አንድ ቀን «መምህር፣ ለእኔ ማን ይነፋልኛል?» ስለው «እኔ ነኛ» አለኝና ሊለማመድ አንስቶ ነፋው፣ የሰፈሩ አህያ ሁሉ «አቤት» አለ። «ተው፣ በዚህ ድምፅ አልሞትም» አልኩት፣ ይኸው አልሞትኩም። በእኛ ጊዜ አውሬው ብዙ፣ ምስክሩ ብዙ ነበር። ዛሬ አንዲት ወፍና አንድ ምስክር ከቀረህ አገር ተረፈልህ ማለት ነው።

— አባባ ሽብሩ፣ የእውነት ግን ጢም አላት?

— ሜሮንዬ፣ እሱን መምህር ኃይሉን ጠይቂው። እኔን ማን ያምነኛል!